ምዕራፍ 6፦ ከቁመት በፊት ክብደት

ሊፍት ኪት ፍለጋ መለዋወጫ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ያነሳል?» ብሎ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ ቁጥር ከመጥራቱ በፊት «ጋሼ፣ መኪናው ላይ ምን ይጭናሉ?» ይላል። ገዢው ወሬ የበዛበት ይመስለዋል። የመጣው ቁመት ሊገዛ ነዋ፤ ጭነቱን ምን አመጣው? ሻጩ ግን ጭነቱን ሳያውቅ ቁመቱን ሊነግረው አይችልም። ለምን እንደማይችል የገባው ገዢ በኪት ምርጫ ብዙም አይሳሳትም። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

በምዕራፍ 3 መኪናን ለሁለት ከፍለን ማየታችን ይታወሳል። ከላይ ሻንሲው፣ ቦዲው፣ ሞተሩ፣ ተሳፋሪውና ጭነቱ አሉ፤ ከታች ጎማው፣ አክስሉና ዲፍሬንሻሉ። ላይኛው ክፍል በሙሉ የተቀመጠው በመካከላቸው ባለው ሞላ ወይም ባሌስትራ ላይ ነው። ሊፍት ኪት የሚባለው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ርቀት የሚጨምር የዕቃ ስብስብ ነው፦ ረዘም ወይም ጠንከር ያለ ሞላ፣ ከእሱ ጋር የሚመጣጠን ሾክ አብዞርበር፣ አዲስ ጎሚኒ፣ እንደ መኪናው ዓይነት ደግሞ ጥቂት ማስተካከያዎች። በብዛት የሚሸጠው 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያነሳው ነው።

ሰዎች መኪናቸውን የሚያስነሱት በሦስት ምክንያት ነው። ሆዱ ድንጋይ እንዳይነካ፣ ዳገት ሲጀምር አፍንጫው፣ ቁልቁለት ሲጨርስ ጭራው መሬት እንዳይመታ፣ ለትልቅ ጎማ ቦታ እንዲገኝ። ሦስቱም እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። ሦስቱም የሚገኙት ግን ሞላው ለመኪናው ክብደት የተመረጠ ሲሆን ብቻ ነው።

ሞላ ሚዛን ነው

ገበያ ላይ በመንጠቆ የሚንጠለጠለውን ሚዛን ያስቡ። ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው ሞላ ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሲሰቀልበት ጠቋሚው አንድ ምልክት ይወርዳል፤ ሁለት ኪሎ ሲሰቀልበት ሁለት ምልክት። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን የሞላው መለጠጥም እጥፍ ይሆናል። ይህን ሕግ ያሳተመው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1678። ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈርቶ ከሁለት ዓመት በፊት የሕጉን ፊደላት አዘበራርቆ እንደ እንቆቅልሽ አውጥቶት ነበር። ሚዛን ሠሪውም የመኪና ሞላ ሠሪውም ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

የመኪና ሞላ ይህንኑ ሚዛን ገልብጦ ማቆም ነው። ሽንኩርቱ ሞላውን ወደ ታች ይስበዋል፤ መኪናው ግን ከላይ ይጫነዋል። ሞላው የሚያጥረው በተጫነው ክብደት ልክ ነው። ስለዚህ ቆሞ የሚያዩት መኪና ቁመት የሚዛኑ ጠቋሚ ያረፈበት ቦታ ነው። ሚዛን ላይ ምን እንደተሰቀለ ሳያውቁ ጠቋሚው የት እንደሚያርፍ መናገር አይቻልም። ሻጩን ያስቸገረውም ይህ ነው።

ሚዛንም ዓይነት አለው። በርበሬና ቅመም የሚመዝነው ትንሹ ለትንሽ ክብደት ብዙ ይወርዳል፤ እህል በጆንያ የሚመዝነው ትልቁ ሞላው ወፍራም ነው። ሩብ ኪሎ በርበሬ ጆንያ መመዘኛው ላይ ቢሰቅሉ ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም። ጆንያውን በርበሬ መመዘኛው ላይ ቢሰቅሉ ደግሞ ሞላው እስከ መጨረሻው ተለጥጦ ይቆማል፤ ቢቆይበትም ወደ ነበረበት አይመለስም።

ሁለቱም ጥፋቶች በመኪና ላይ ይደርሳሉ። ለከባድ ጭነት የተሠራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ ሲገጠም መኪናው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ጠጠር መንገድ ላይ ግን ሞላው አይሠራም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሳይለዝብ ወንበር ድረስ ይመጣል። ለባዶ መኪና የተሠራ ሞላ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ መኪናው ቁጢጥ ይላል፤ ትንሽ ጉድጓድ በገባ ቁጥር አክስሉ ከሻንሲው ሥር ካለው መከላከያ ጎማ ጋር ይጋጫል። በመጀመሪያው መኪና የተገዛው ቁመት ምቾትን አጥፍቷል፤ በሁለተኛው ደግሞ ቁመቱ ራሱ ጠፍቷል።

የሞላን ጥንካሬ በዓይን መገመት ያሳስታል። ሞላው የተጠመዘዘበት ብረት ውፍረት በ10 በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ይጨምራል፤ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ሞላዎች መኪና ሥር ሲገቡ ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ

የራስዎ መኪና ምን ዓይነት ሚዛን እንደሆነ ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ሜትር እና ክብደቱ የታወቀ ነገር ይበቃል። ሲሚንቶ ለዚህ ይመቻል፤ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው።

ፒክአፕዎን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ከኋላ ጎማው መሐል፣ ከቸርኬው ማዕከል ማለት ነው፣ ቀጥ ብለው እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩና ይጻፉ። ከመሬት አይለኩ፤ የጎማ ንፋስ ልኬቱን ያዛባዋል። ከዚያ ስድስት ከረጢት፣ 300 ኪሎ፣ ልክ በኋላው አክስል ትይዩ ይደርድሩ። መኪናውን ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሰው ሞላው ሲረጋጋ እንደገና ይለኩ። ባሌስትራ ከሆነ ሲያራግፉም ይለኩ፤ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ሲወርድና ሲወጣ ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል። አማካዩን ይውሰዱ።

መኪናው 5 ሴንቲ ሜትር ወረደ እንበል። 300 ለ5 ሲካፈል 60 ነው። የኋላ ሁለቱ ባሌስትራዎች አንድ ላይ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 60 ኪሎ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ይህ ቁጥር የመኪናዎ ሚዛን ጥንካሬ ነው። በእጅዎ ከያዙት ከማንኛውም የሊፍት ማስታወቂያ ይበልጥ ይነግርዎታል።

አንድ መኪና፣ ሁለት ቁመት

አሁን ሁለት ባለ ሃይሉክሶችን እናስብ። አንደኛው ቢሮ ይመላለስበታል፤ ከኋላው ምንም የለም። ሁለተኛው የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ የሚጠግን ባለሙያ ነው፤ 300 ኪሎ የሚመዝን መሣሪያው ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። ሁለቱም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይፈልጋሉ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት የኋላ ባሌስትራ አለ። የመጀመሪያው ጥንካሬው እንደ ፋብሪካው፣ ለሴንቲ ሜትር 60 ኪሎ ሆኖ፣ ቅስቱ ከፍ ስላለ ባዶ መኪናን 5 ሴንቲ ሜትር ያነሳል። ለቢሮው መኪና ልኩ ነው። በባለሙያው መኪና ላይ ግን 300 ኪሎው 5 ሴንቲ ሜትር መልሶ ያወርደዋል። ገንዘቡ ወጥቶ መኪናው ያለው የፋብሪካው ባዶ መኪና በሚቆምበት ቁመት ላይ ነው።

ሁለተኛው ባሌስትራ ለሴንቲ ሜትር 80 ኪሎ የሚፈልግ ሲሆን፣ 300 ኪሎ ተጭኖበት ሳለ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ታስቦ የተሠራ ነው። ለባለሙያው ልኩ ነው። ባዶው የቢሮ መኪና ላይ ቢገጠም ግን 300ው ኪሎ ስለሌለ ሌላ 3.75 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ በድምሩ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከኋላ ሽቅብ፣ ከፊት ቁልቁል የሚያይ መኪና ይሆናል።

የቢሮው ሰው ጉዳት በመልኩ ብቻ አያበቃም። መኪና ወጣ ገባ ቦታ ሲያልፍ አንዱ ጎማ ወደ ጉድጓድ መውረድ አለበት። የሚወርደው ሞላው ሲዘረጋ ነው። ሚዛኑ ምንም ሳይሰቀልበት ጠቋሚው ዜሮ ላይ እንደሚቆም፣ ባዶ መኪና ላይ የተገጠመ ከባድ ሞላም ገና ከመነሻው ተዘርግቶ አልቋል። ጉድጓድ ሲገኝ ጎማው የሚወርድበት አይኖረውም፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል። ከፍ ያለው መኪና ዝቅ ያለው ያለፈበትን ቦታ ማለፍ ሲያቅተው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ይህን ነገር ቀድመው በሥርዓት የያዙት አውስትራሊያውያን ናቸው። አገራቸው ሰፊ ነው፤ ውኃና ነዳጅ ጭኖ ቀናት የሚወስድ ጠጠር መንገድ መሄድ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሜልበርን ውስጥ የተመሠረተው ኤ.አር.ቢ. በኦልድ ማን ኢሙ ስም በሚሸጠው ምርቱ ለአንድ የመኪና ሞዴል ብቻ የተለያዩ ሞላዎችን ይዘረዝራል። አንዱን ከሌላው የሚለየው የሚሸከሙት ቋሚ ክብደት ነው፦ ለባዶ፣ ለመካከለኛ፣ ለከባድ እያለ ይሄዳል። ሌሎቹም የታወቁ አምራቾች እንደዚሁ ያደርጋሉ። ካርቶኑ ላይ ኢንች ብቻ ተጽፎበት ኪሎ ያልተጻፈበት ኪት ግማሽ መረጃ ነው።

ጭነቱን ወረቀት ላይ ማስፈር

እንግዲህ የምርጫው የመጀመሪያ ሥራ ክብደት መቁጠር ነው። ክብደቱን ቋሚ እና ሂያጅ ብለው ለሁለት ይክፈሉት። ቋሚ የሚባለው መኪናው ሲቆምም ሲሄድም አብሮት ያለ ነው። ሂያጅ የሚባለው ተሳፍሮ የሚወርደው፣ ተቀድቶ የሚያልቀው ነው።

በቱሪዝም ሥራ የሚታወቀውን ላንድክሩዘር 78 እንውሰድ። ከመቀሌ ተነስቶ ወደ ደናክል ይወርዳል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ዳሎል ሲደርስ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የብረት መከላከያና ዊንች ፊት ላይ 100 ኪሎ ገደማ ነው። ፖርቶ መጋላው 40፣ ሁለተኛው ስኮርት ጎማ 35፣ ተጨማሪ ባትሪና ማቀዝቀዣ 60 ኪሎ እንበል። ቋሚው 235 ኪሎ ደረሰ።

ሂያጁ ከዚህ ይበልጣል። የዚህ መኪና ሁለት ታንከሮች 180 ሊትር የሚይዙ ከሆነ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ነዳጁ ብቻ 150 ኪሎ ነው። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ። አምስት ሰው ከነሻንጣው 450 ኪሎ። በድምሩ 700 ኪሎ ነው፤ ጉዞው በገፋ ቁጥር ይቀንሳል።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ሞላ የሚመረጠው ለቋሚው ክብደት ነው፤ ለሂያጁ ደግሞ ሞላው የሚወርድበት በቂ ቦታ ይተውለታል። ሂያጁ በጣም ከበዛና ጉዞው ተደጋጋሚ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ሞላ መውሰድ ይገባል። ጉዞው በዓመት አንዴ ከሆነ ግን ለዚያ ሳምንት ሲባል ዓመቱን ሙሉ መንገጫገጭ አያዋጣም። የኋላው ክብ ሞላ ለሆነ መኪና፣ ለምሳሌ ለፕራዶ፣ ሞላው ውስጥ ገብቶ አየር የሚሞላ ከረጢት አለ። ጭነት ሲመጣ ይነፋል፣ ሲወርድ ይተነፍሳል።

ክብደቱ የት እንደተቀመጠም ይቆጠራል። 100 ኪሎው መከላከያ ከፊት አክስል 1 ሜትር ወደፊት ወጥቶ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ደግሞ 3 ሜትር ቢኖር፣ የፊት አክስሉ ላይ የሚያርፈው 133 ኪሎ ነው፤ የኋላው በ33 ኪሎ ይቀላል። መከላከያውን ገዝቶ የፊት ሞላውን ያልቀየረ ሰው መኪናው ለምን አፍንጫውን እንደደፋ ከዚህ ያገኘዋል።

ግምት ካልጣመዎት የጭነት መኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ሄደው ያስመዝኑ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎችን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ ያውጡ። የሁለቱን ድምር አምራቹ ከፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ጋር ያስተያዩት። አንድ ነገር በጥብቅ ይያዝ፦ ከባድ ሞላ መግጠም ያንን የተፈቀደ ክብደት አይጨምርም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ሻንሲውና ፍሬኑ የድሮዎቹ ናቸው። ሞላው መኪናውን ቀና አድርጎ ስለያዘው ብቻ ከመጠን በላይ መጫኑ አይታይም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ሊፍት የማያነሳው

ላንድክሩዘር 78 ፊትም ኋላም ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዝ ወጥ አክስል አለው። ሃይሉክስና ፕራዶ እንዲህ ያለው አክስል ከኋላ ነው ያላቸው። በዚህ አክስል መሐል የዲፍሬንሻሉ ድቡልቡል ተቀምጧል፤ የመኪናው ዝቅተኛ ነጥብ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አክስሉ ደግሞ ከሞላው በታች ነው። ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ሊፍት ቢገጥሙ ዲፍሬንሻሉ አንድ ሚሊ ሜትር አይነሳም። 10 ቢያደርጉትም አይነሳም።

እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። በምዕራፍ 4 በጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ተምረናል። 265/70አር16 ጎማ ቁመቱ 77.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 285/75አር16 ደግሞ 83.4። ልዩነቱ 5.7 ነው፤ አክስሉ ጎማው መሐል ስለሚገኝ የሚነሳው በግማሹ፣ በ2.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህም ዋጋ አለው፦ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው በእርግጥ የሚሄደው 107 ነው። ትልቁ ጎማ ሞተሩንም ፍሬኑንም የበለጠ ያሠራል።

ሊፍት ዲፍሬንሻሉን እንደማያነሳ በክረምት መረሬ አፈር ላይ የሄደ ሰው በተግባር ያውቀዋል። የቀደሙት የጭነት መኪናዎች የቆፈሩት ቦይ ከዲፍሬንሻሉ ከፍታ ከበለጠ መኪናው በድቡልቡሉ ጭቃው ላይ ይቀመጣል፤ አራቱም ጎማ ይሽከረከራል፤ ሊፍቱም አያድነውም። ሊፍቱ የሚጠቅመው ለትልቁ ጎማ ቦታ ስለሚያዘጋጅ፣ ሆዱንና አፍንጫውንም ስለሚያርቅ ነው።

ጠቋሚውን የሚያረጋጋው ጣት

ወደ ገበያው ሚዛን እንመለስ። ሽንኩርቱ በድንገት ሲሰቀል ጠቋሚው ላይ ታች እያለ ይንቀጠቀጣል። የቸኮለ ነጋዴ በጣቱ ነካ አድርጎ ያረጋጋዋል። ጣቱ ክብደት አልተሸከመም፤ መንቀጥቀጡን ብቻ አቆመ። ሾክ አብዞርበር ማለት ያ ጣት ነው።

ብዙ ሰው መኪናው ሲቀመጥ «ሾኩ ደክሟል» ይላል። የተቀመጠ መኪና ሞላው ነው የደከመው። ሾኩ የደከመ መኪና ቁመቱ ደህና ሆኖ ጉድጓድ ካለፈ በኋላም መናጡን አያቆምም።

ሾክ የሚሠራው ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ በማሳለፍ ነው። የመኪናው መናጥ በዚያ ወደ ሙቀት ይቀየራል። በተሸበሸበ ጠጠር መንገድ ላይ ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተደጋገመ ለሰዓታት ይቀጥላል፤ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ሊሠራም ይችላል። ያኔ ሾኩ ቦታው ላይ አለ፣ ሥራው ግን የለም። ለረጅም ጠጠር መንገድ ሰፋ ያለ፣ ብዙ ዘይት የሚይዝ፣ በጋዝ ግፊት የታገዘ ሾክ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ረጅም ጠጠር መንገድ ጨርሰው ሲቆሙ አራቱን ሾኮች አንድ በአንድ በጥንቃቄ ጠጋ ብለው ሙቀታቸውን ይዩ። ሦስቱ ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ የሞተው ቀዝቃዛው ነው።

ኪት ሲመርጡ ስለ ሾክ ሁለት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው ርዝመት ነው። መኪናው ከፍ ብሎ አሮጌው አጭር ሾክ ከቀረ ሞላው ሳይዘረጋ ሾኩ ይጨርሳል፤ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሾኩ ራሱ እንደ ሰንሰለት ይያዛል፣ ቶሎም ይሰበራል። ሁለተኛው ኃይል ነው። ጠንካራ ሞላ ሲለቀቅ በብርቱ ይፈናጠራል፤ እሱን የሚይዝ ጠንካራ ጣት ይፈልጋል። ሞላና ሾክ አብረው የተሠሩ ቢሆኑ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

የከፍታ ዋጋ

ከፍ ያለ መኪና በቀላሉ ይገለበጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ምን ያህል በቀላሉ የሚለው ግን ሊሰላ ይችላል። 2,500 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ላይ የሆነ መኪና እናስብ። 5 ሴንቲ ሜትር ሊፍት ማዕከሉን ወደ 85 ያስጠጋዋል፤ አክስልና ጎማው ስለማይነሱ ከ85 ትንሽ ያንሳል። አሁን ሊፍቱን እንተወውና ፖርቶ መጋላው ላይ፣ ከመሬት 2.10 ሜትር ከፍታ፣ 100 ኪሎ እንጫን። ሒሳቡ ሲሠራ ማዕከሉ ልክ 85 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል።

ጣሪያ ላይ የተጫነ አንድ ኩንታል ባለ 2 ኢንች ሊፍት ከሚያደርሰው ያላነሰ አደጋ ያመጣል። ሊፍቱን ገጥሞ ኩንታሉንም ከጣሪያ ላይ ያላወረደ ሰው አደጋውን እጥፍ አድርጎታል። ሊፍት የሚገጥም ሰው ውኃውንና ጀሪካኑን ከጣሪያ ወደ ወለል ማውረድ አለበት የሚባለው በዚህ ስሌት ነው።

ሌላው ዋጋ ከመኪናው ሥር ባሉ ማዕዘኖች ላይ ይከፈላል። የ78ን የፊት አክስል የሚይዙት ሁለት ረጃጅም ብራቾዎች ናቸው። ሻንሲው ሲነሳ ብራቾዎቹ አክስሉን ጥቂት ዲግሪ ያዞሩታል፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ መመለሱን ይቀንሳል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ መኪናው ይዋልላል። መፍትሔው ቀዳዳው ከመሐል የተዛነፈ ጎሚኒ ነው፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። አክስሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግም መኪናው ሲነሳ አክስሉን ትንሽ ወደ ጎን ይገፋዋል። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱት በሃይሉክስና በፕራዶ ላይ ደግሞ ከዲፍሬንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱት ሴሚያሴዎች አንግላቸው ይሰፋል፤ ላስቲካቸው ይቀደዳል፣ መገጣጠሚያቸው ቶሎ ያልቃል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ወሰን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከገጠሙ በኋላ አላይመንት ማሠራት የግድ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው የፍሬኑ ነው። ብዙ ፒክአፖች ከኋላቸው ሌላ ትንሽ ሚዛን አላቸው። አንድ ቀጭን ዘንግ ከኋላ አክስል ተነስቶ ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር ይያያዛል። መኪናው ተጭኖ ሲወርድ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋዋል፤ ቫልቩም ጭነት መኖሩን አውቆ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ የዘይት ግፊት ይለቃል። ሊፍት ሲገጠም አክስሉና ሻንሲው ይራራቃሉ። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞም ቢሆን ቫልቩ የሚያነበው «ባዶ ነው» የሚል ነው፤ የኋላውን ፍሬን ይቆጥበዋል። ጋራዡ የዚህን ዘንግ ቦታ እንዲያስተካክል፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎችም አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ እንዳይወጠሩ እንዲያይ ይጠይቁ። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን አንጠልጥሎ ማየት ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አቋራጮቹ

ሞላ ሳይቀይሩ ማንሳትም አለ። ሞላው ላይ ብረት ወይም ፕላስቲክ መደገፊያ ማስገባት የሚዛኑን ዜሮ ያነሳል፤ ሚዛኑ ግን ያው ነው፤ ጭነት ሲመጣ እንደ ድሮው ይወርዳል። በየጋራዡ የተለመደው ባሌስትራ ላይ ቅጠል መጨመር ቁመትንም ጥንካሬንም ይጨምራል። ቋሚ ጭነት ላለው የሥራ መኪና ምክንያታዊ ነው፤ ባዶ ለሚሄድ ግን የጆንያ መመዘኛውን በርበሬ ቤት ማስገባት ነው። ቦዲውን ከሻንሲው ለይቶ ማንሳት ደግሞ ለጎማ ቦታ ይሰጣል እንጂ ሻንሲውና ሆዱ የነበሩበት ናቸው።

ታዲያ ስንት ኢንች?

አሁን ጥያቄው ሊመለስ ይችላል። ቋሚ ክብደትዎን ከፊትና ከኋላ ለይተው ያውቃሉ፤ የሚፈልጉትን የጎማ ቁመት ወስነዋል። ሻጩን «ይህን ያህል ኪሎ ከፊት፣ ይህን ያህል ከኋላ ይዤ፣ ለዚህ ጎማ የሚበቃ ከፍታ እፈልጋለሁ» ይሉታል። በአብዛኛው መኪና ላይ መልሱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር መካከል ይወድቃል። ከዚያ በላይ መሄድ ዘንግ፣ ቱቦና መገጣጠሚያ ሁሉ መቀየር ነው፤ ለተለየ ሥራ ካልሆነ አያስፈልግም።

ሲገዙ ደረሰኙ ላይ የሞላው መለያ ቁጥርና የሚሸከመው ኪሎ ይጻፍልዎ። ከመግጠሙ በፊትና በኋላ አራቱንም ጎማ ከቸርኬው ማዕከል እስከ ፓራፋንጎ ይለኩ። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ይቀመጣል፤ ያኔ እንደገና ለክተው አላይመንቱን ያሳዩ።

ከሁሉ በፊት ግን አሁን ያለውን ሞላዎን ይለኩ። ብዙ ዓመት የሠራ መኪና ሞላው ደክሞ ሴንቲ ሜትሮችን ሊያጣ ይችላል። ተመሳሳይ አዲስ መኪና ካገኙ ሁለቱን ያስተያዩ፤ ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከሚፈልጉት ከፍታ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አዲስ የፋብሪካ ሞላ ይመልስልዎታል። ከእሱ ጋር ጥሩ ሾክ ከተገጠመ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ጭነትም ከወረደ፣ ሊፍት ኪት ሊገዙ ከተነሱት ሰዎች ብዙዎቹ ኪቱ ሳያስፈልጋቸው ሥራቸውን ይሠራሉ።